ገስግስና የቀሩት ሦስት እግሮቹ

ጠጋ ጠጋ በሉ! ጆሮ ያለው ያቅና፤ ጆሮው የደከመ ከጎረቤቱ ይዋስ። ይህ ነገር የሆነው ድሮ ነው። እንስሳም፣ ዕቃም፣ ውሃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ሰውም ቆም ብሎ በሚያዳምጥበት ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሥራቸው ታንኳ መሥራት ነው። ከሐይቁ ዳር ደንገል ያጭዳሉ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ሲደርቅ በገመድ አስረው ታንኳ ያደርጉታል። ሚስታቸው እቴ ትጓደድ ዶሮ ያረባሉ፤ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን የዳጉሳ ማሳም ይንከባከባሉ። ልጆቻቸው አድገው፣ አግብተው፣ ራቅ ራቅ ብለው ሄደዋል። ከሁለቱ ጋር የቀረ አንድ ውሻ ነበር። ስሙ ገስግስ ይባላል።

ስሙ እንዲሁ አልወጣለትም። ከቡችላነቱ ጀምሮ መራመድ አያውቅም፤ መሮጥ ብቻ ነው። ቀበሮ ስትመጣ ይገሰግሳል። ጉማሬ ሲመጣ ይገሰግሳል። እንግዳ ሲመጣም ይገሰግሳል፤ እንግዳው ወዳጅ ይሁን ጠላት የሚለየው ከደረሰ በኋላ ነው።

ዘመን ግን ለሯጭም ለተቀማጭም እኩል ይሄዳል። ገስግስ አሥር ዓመት ሲሞላው ቁርጥማት ገባበት። ዓመት ከዓመት ርጥብ መሬት ላይ ተኝቶ ማሳ ሲጠብቅ ኖሮ፣ ብርዱ በወገቡ ገብቶ በጉልበቱ ተቀመጠ። ጠዋት ሲነሣ መገጣጠሚያዎቹ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላሉ። በተለይ የግራ የኋላ እግሩ ጉልበት አፍ ነበራት።

«ቀስ በል» ትለዋለች።

«ቀስ ማለት አላውቅም» ይላታል።

«እኔ እኮ አመመኝ!»

«ስሮጥ ይለቅሻል» ይላታል። ደግሞ ይሮጣል።

አንድ ማለዳ፣ ሰማዩ ገና ሲገላለጥ፣ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ዳጉሳው ውስጥ ገባ። ገስግስ ዘሎ ወጣ። ጮኸ፤ ዞረ፤ እንደገና ጮኸ። ጉማሬው ዞር ሲል፣ ገስግስም አብሮ ሊዞር ሲል፣ የግራ ጉልበቱ «አልቻልሁም!» አለች። ተንሸራተተ። ጉማሬው በቀኝ የኋላ እግሩ ላይ ቆመ።

«ምን ረገጥሁ?» አለ ጉማሬው ቁልቁል እያየ። «አንተ ነህ እንዴ? እኔ አገዳ መስሎኝ።»

ክፋት አልነበረበትም፤ ክብደት ብቻ ነበረበት። ቀስ ብሎ ወደ ሐይቁ ተመለሰ።

አያ ደሴ ውሻቸውን በሁለት ክንዳቸው ታቅፈው ገቡ። ወጌሻው አዝመራው ተጠርተው መጡ። ወጌሻ አዝመራው የተሰበረ አጥንት በጣታቸው የሚያነቡ ሰው ነበሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱ። ዳሰሱ፣ ዳሰሱና እጃቸውን አነሡ።

«አያ ደሴ፣ ይህ ስብራት አይደለም፤ ዱቄት ነው። እግሩን ላትርፍ ካልሁ ውሻው ይሞታል። ውሻውን ላትርፍ ካልሁ እግሩ ይሄዳል። አንዱን ይምረጡ።»

አያ ደሴ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

«እግሩ ይሂድ» አሉ እቴ ትጓደድ። «ውሻው ይቅርልኝ።»

እግሩ ሄደ። ቁስሉን ማር ቀቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ አሰሩት። ወጌሻው ሊወጡ ሲሉ ከደጃፉ ቆም አሉ።

«ቁስሉ ይሽራል፤ ለእሱ አልሰጋም። የምሰጋው ለቀረችው የኋላ እግሩ ነው። ቁርጥማት ያለባት ናት። ለአንዲት በሽተኛ የሁለት ሰው ሥራ ሰጥተናታል። እሷን ጠብቁ።»

ቁስሉም በወሩ ሻረ። ገስግስ ግን አልተነሣም።

የቤቱ ወለል የእቴ ትጓደድ ኩራት ነበር። በእበት ተለቅልቆ፣ ተወልውሎ፣ እንደ ውሃ ፊት ያበራል። ለሰው እግር ደስ ይላል። ለሦስት እግር ውሻ ግን በረዶ ነው። ገስግስ አንድ ጊዜ ተነሣ፤ ወደቀ። ሁለተኛ ተነሣ፤ ወደቀ። ሦስተኛ ሲወድቅ አገጩ ወለሉን መታ። አውራ ዶሮው ከደጃፉ ቆሞ ያያል።

«ገስግስ ነው አሉ ስምህ?» አለው አውራ ዶሮው።

ገስግስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ጆሮውን ሲያሳክከው የሌለውን እግር ያነሣል፤ ጉማጁ በባዶ አየር ላይ ሲንቀሳቀስ ይቆያል፤ ጆሮው ግን እንዳሳከከው ይቀራል። ከሕመሙ ሁሉ እሱን ያስለቀሰው ይህ ነበር።

እቴ ትጓደድ ይህን አዩ። ርኅራኄያቸውን የሚያደርሱበት መንገድ ቢያጡ በሳህን አደረሱት። ጠዋት ገንፎ በቅቤ፣ ቀትር ላይ ጮማ፣ ማታ ቅልጥም። ገስግስ ይበላል፤ ይተኛል። ይበላል፤ ይተኛል።

«ኧረ አንተ!» አለችው ጉልበቱ። «አራት ሆነን የተሸከምነውን አሁን ሦስት ሆነን ቀርተናል። አንተ ደግሞ ጭነት ትጨምርብናለህ?»

ገስግስ እንዳልሰማ ሆነ።

ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆና የምታይ አንዲት እመት ቀበሮ ነበረች። አሥር ዓመት ሙሉ የእቴ ትጓደድን ዶሮዎች በዓይኗ ብቻ ስትበላ ኖራለች። ሁለቱ ሽማግሎች ወደ ሐይቁ የወረዱ ዕለት ጭራዋን አለስልሳ፣ ድምፅዋን አለስልሳ ከደጃፉ ቆመች።

«አያ ገስግስ፣ እንደምን ሰነበትህ? ምነው ወንድም ዓለም፣ ለመነሣት የምትታገለው ለማን ብለህ ነው? አሥር ዓመት ሮጠሃል፤ ይበቃሃል። መገጣጠሚያ እኮ እንደ ታንኳ ገመድ ነው፤ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይበላል። ተኛ። ዓለምህን ተኛ።»

እንዲህ ያለ ደግ ቃል ሰው ከተናገረው ቆይቶ ነበርና ገስግስን ጣመው። ተኛ። የዚያን ዕለት አንዲት ዶሮ ጠፋች።

በሳምንቱ ቀበሮዋ ተመልሳ መጣች። በአፏ ጮማ ይዛለች።

«ብላ፣ ወንድም ዓለም። የታመመ የሚድነው በመብል ነው።»

በላ። ሆዱ ከበደው። የዚያን ዕለት ሁለተኛዋ ዶሮ ጠፋች።

እንዲህ እያለ ሳለ ጎረቤታቸው አያ ጫኔ ያሠሩትን ታንኳ ለማየት መጡ። ገስግስ ከግድግዳው ወዲያ ተኝቶ ይሰማል።

«ደሴ፣ ይህን ምስኪን ለምን ታሰቃየዋለህ?» አሉ አያ ጫኔ። «ብትገላግለው እሱም ያርፍ ነበር፤ አንተም ታርፍ ነበር። የእኔዋ ውሻ ወልዳለች፤ አንድ ቡችላ ልስጥህ። ሦስት እግር ለጉልቻ እንጂ ለውሻ አይሆንም።»

ገስግስ ጆሮውን አቆመ። «አሁን ጌታዬ እንቢ ይላሉ» ብሎ ጠበቀ። አያ ደሴ ደንገላቸውን ያስራሉ፤ ገመዱ ጥርቅ ይላል። ጠበቀ። ገመዱ እንደገና ጥርቅ አለ። አያ ደሴ አንዲት ቃል ሳይናገሩ አያ ጫኔ ተሰናብተው ሄዱ።

በማግስቱ ሽማግሎቹ ወደ ሥራ እንደወጡ ቀበሮዋ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ይህን ጊዜ የያዘችው ወሬ ብቻ ነበር።

«ሰማህ አይደል? ዝምታ እሺታ ነው። ሳያስወጡህ በክብርህ ውጣ፣ ወንድም ዓለም።»

ገስግስ ወጣ። በሁለት የፊት እግሩ እየጎተተ፣ በሆዱ እየተሳበ፣ ደፉን ተሻግሮ፣ ማሳውን አቋርጦ ከደንገሉ መሃል ገባ። ጭቃው ላይ ተዘረጋ። ዓይኑንም ከደነ።

ከአጠገቡ አንድ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆሞ ዓሣ ይጠብቅ ነበር።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለው ሽመላው።

«ልሞት።»

«እዚህ? ዓሣዎቼን ታሸሽብኛለህ።»

ገስግስ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «አንተስ ሌላው እግርህ የት ሄደ?»

«ከላባዬ ሥር አጥፌዋለሁ። ስፈልገው አወርደዋለሁ።»

«እንግዲያ አንተና እኔ አንድ አይደለንም። የእኔ አይመለስም።»

«አይደለንም» አለ ሽመላው። አላባበለውም። «ነገር ግን በአንዱ ስቆም የት ላይ እንደማቆመው አስተውል። ከጎኔ ነው ወይስ ከመሃሌ?»

ገስግስ አየ። ከመሃሉ ነበር።

«አንተ ስትመጣ፣ ልትነሣ ስትሞክር አይቼሃለሁ» አለ ሽመላው። «የቀረችውን የኋላ እግርህን የምታቆማት ድሮ በነበረችበት፣ ከጎንህ ላይ ነው። የሄደችው ተመልሳ የምትመጣ ይመስል ቦታዋን ትጠብቅላታለህ። ተዋት። የቀረችውን ወደ መሃል አምጣት።»

ገስግስ ጥፍሩን ጭቃው ውስጥ ተከለ። ጭቃው ያዘው። በፊት እግሮቹ ተነሣ፤ የኋላዋን ወደ መሃል፣ ከሆዱ ሥር ሰበሰባት። ቆመ።

«አንድ» አለ ሽመላው። «ሁለት። ሦስት።»

ገስግስ ዘፍ አለ።

«ሦስት ቆጠርሁ» አለ ሽመላው። «ስትመጣ አንድም አልነበረህም።»

ይህን ሲባባሉ ደንገሉ ተንኮሻኮሸ። አያ ደሴ ነበሩ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆኗል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከቤት እስከ ማሳ፣ ከማሳ እስከ ሐይቅ ሲጠሩ ነው የቆዩት።

«ገስግስ! ምን ሆንህብኝ? ለምን ወጣህ?»

«ዝም አሉ እኮ» አለ ገስግስ። «አያ ጫኔ ያን ሲናገሩ እርስዎ ዝም አሉ።»

አያ ደሴ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ዝም አልሁ» አሉ። «እውነትህን ነው። ለጫኔ መልስ አጥቼ አይደለም። ‹ይነሣል› ብዬ አንተ እየሰማህ ተናግሬ፣ ሳትነሣ ብትቀርስ ብዬ ፈራሁ። እንዴት እንደማነሣህም አላወቅሁም። ዝምታዬ ግን ጎዳህ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ገስግስ ራሱን ጭናቸው ላይ አስደገፈ።

«ወለሉ ይጥለኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ጉልበቴ ታመኛለች። ሆዴም ከብዶኛል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ገስግስ ተብዬ መቆም አቃተኝ ልበል?»

አያ ደሴ ታቅፈውት ወደ ቤት ሄዱ። ሽመላውም ዓሣውን ያዘ።

ከሰዓት በኋላ ወጌሻ አዝመራው ተጠርተው መጡ። እቴ ትጓደድን፣ አያ ደሴንና ገስግስን አንድ ላይ አስቀምጠው መከሩ።

«በመጀመሪያ ይህ ወለል ነው የሚጥለው» አሉ ወጌሻው።

እቴ ትጓደድ የሚያበራውን ወለላቸውን አዩት። አንድ ጊዜ ተነፈሱ። ከዚያ ከቆጡ ላይ ሰሌናቸውን አውርደው ከመደቡ እስከ ደጃፉ ዘረጉት። አያ ደሴም የደጃፉን ከፍ ያለ ድንጋይ ነቅለው በቦታው ለስላሳ የአፈር ዳገት አደረጉለት።

«ጥፍርህን እዚህ ትከል» አለ ሰሌኑ። «እኔ ሲረግጡኝ አልቀየምም፤ ሥራዬ ነው።»

«ሁለተኛ፣ እቴ ትጓደድ፣ ሳህኑ ይቀነስ» አሉ ወጌሻው። «እያንዳንዱ ጉርሻ የሚያርፈው በዚያች በታመመች ጉልበት ላይ ነው።»

እቴ ትጓደድን ይህ ከወለሉም ይልቅ ከበዳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ፍቅሬን ታዲያ በምን ልስጠው?»

«በእጅዎ» አሉ ወጌሻው። «የኑግ ዘይት ለብ ያድርጉና ጠዋትና ማታ ጉልበቱን ይሹለት። ጆሮውንም ይከኩለት።»

«ሦስተኛውስ?» አሉ አያ ደሴ።

«ሦስተኛው መራመድ ነው። ጥቂት፣ ጥቂት፣ ደጋግሞ። ግን ደግፋችሁ።»

እቴ ትጓደድ ወገባቸውን ያዝ አደረጉና መቀነታቸውን ፈቱ። ረጅም፣ ሰፊ፣ በእጅ የተፈተለ መቀነት ነበር። ከገስግስ ሆድ ሥር፣ ከኋላ እግሩ ፊት አሳልፈው ሁለቱን ጫፎች ለባላቸው ሰጡ።

«ይያዙለት፤ ግን እንደ ቅርጫት አያንጠልጥሉት» አሏቸው።

«እኔ ልንገርህ» አለው መቀነቱ ለገስግስ። «ትጓደድ አምስት ልጅ ስትወልድ ወገቧን የያዝሁ እኔ ነኝ። አንድም ቀን ተሸክሜያት አላውቅም። እሷ ቆመች፤ እኔ ደገፍሁ። አንተም ተራመድ። የጎደለህን ያህል ብቻ እይዝሃለሁ።»

ገስግስ ሰሌኑ ላይ ጥፍሩን ተከለ። የኋላ እግሩን ወደ መሃል ሰበሰበ። አንድ ተራመደ። ሁለት ተራመደ። አምስተኛው ላይ ደከመው። አያ ደሴ «ይበቃል» አሉ። በማግስቱ ሰባት ሆነ። በሦስተኛው ቀን አሥር።

አሥር እርምጃ ሲሞላ፣ ፀሐይ ውሃውን ባሞቀችበት ሰዓት ወደ ሐይቁ ወሰዱት። ገስግስ ውሃው ጫፍ ሲደርስ ቆም አለ።

«ጉማሬውስ?»

«እሱ ቀን ቀን ከማዶ ነው የሚተኛው» አሉ አያ ደሴ። «እኔም አብሬህ እገባለሁ።»

ገቡ። ውሃው እስከ ደረቱ ደረሰ።

«ክብደትህን ለእኔ ተውልኝ» አለ ሐይቁ። «ጉማሬ የምሸከም ነኝ፤ አንተ አትከብደኝም። አንተ እግርህን ብቻ አንቀሳቅስ።»

ገስግስ አንቀሳቀሰ። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሃያ። በድንገት የሆነ ነገር ጎደለው። ምን እንደሆነ እስኪያውቅ ጥቂት ቆየ። ጉልበቱ ነበረች፤ ዝም ብላለች። ከስንት ዓመት በኋላ ዝም ብላለች።

«ምነው ዝም አልሽ?» አላት።

«የምለው አጣሁ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ ሁሉ እንዲህ ያልፍ ጀመር። ጠዋት የእቴ ትጓደድ እጅ፣ ቀትር ላይ ሐይቁ፣ ማታ ሰሌኑ። ሆዱ ቀለለ፤ ጭኑ ጠነከረ። መቀነቱም እየላላ፣ እየላላ ሄዶ አንድ ቀን አያ ደሴ ሲያዩት ከእጃቸው ላይ በባዶው ተንጠልጥሏል። ገስግስ ከፊታቸው ብቻውን ይራመድ ነበር።

መውደቁ ግን አልቀረም። በግራ ይወድቃል፣ በቀኝ ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜ በቀኝ ነው፣ እግሩ በጎደለበት። ከመውደቅ ብዛት አወዳደቅ ለመደ። አገጩን ይሰበስባል፤ ትከሻውን ያስቀድማል፤ ተገላብጦ ይነሣል።

አንድ ቀን አያ ደሴ ደስታው ገፋፋቸውና ከማሳው ማዶ እስካለው ዋርካ ወሰዱት። ገስግስም «ደከመኝ» ማለት አፍሮ ሄደ። በማግስቱ ጉልበቱ አብጣ አደረች። ዝናብም ጣለ። አያ ደሴ ሊያነሡት እጃቸውን ሲዘረጉ ገስግስ ጥርሱን አሳረፈባቸው። ደም አልወጣም፤ ግን ነከሰ።

አያ ደሴ እጃቸውን ሰበሰቡ። አልተቆጡም። ከአጠገቡ ቁጭ ብለው ዝናቡን ያዩ ጀመር። ገስግስ አፍሮ ራሱን ቀበረ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጉልበቱን አናገራት።

«ሳታርፊ ስንት እርምጃ ትችያለሽ?»

ጉልበቱ ተገረመች። ከተፈጠረች እንዲህ ጠይቋት አያውቅም።

«ሲሞቅ መቶ። ሲበርድ ሠላሳ» አለችው።

«ዛሬ በርዷል። ስትሽሪ ሠላሳ እንሄዳለን» አላት። ሦስት ቀን አሳረፋት። በአራተኛው ቀን ሠላሳ ሄደች። አላጉረመረመችም።

ክረምቱ ወጣ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሁለቱ ሽማግሎች አዲስ ታንኳ ወደ ውሃ ሊያወርዱ ሄደው ሳለ እመት ቀበሮ መጣች። የዶሮዎቹ ቤት በእሾህ የታጠረ ነው፤ መግቢያው አንድ፣ እሱም ጠባብ። ቀበሮዋ ስትደርስ ገስግስ ከመግቢያው ቆሟል።

«አያ ገስግስ! ቆመሃል?» አለች። ድምፅዋ ማር ሆነ። «ተኛ ብዬህ ነበር እኮ፤ ጉልበትህ ትጎዳለች።»

«ጉልበቴን ጠይቄያታለሁ። ይህን ያህል እችላለሁ ብላኛለች።»

«እንግዲያው ያዘኝ!» ብላ ወደ ማሳው ሮጠች። ተከትሎኝ ይወጣል፣ ዞሬ እገባለሁ ብላ ነው። ገስግስ አልተነቃነቀም።

ተመልሳ መጣች። «ገስግስ አይደለህም እንዴ? ሩጥ እንጂ!»

«አሥር ዓመት ሙሉ አባረርሁሽ፤ አንድ ቀንም አልያዝሁሽም» አለ ገስግስ። «ዛሬ እዚሁ ነኝ። ዶሮ ከፈለግሽ መንገዱ በእኔ በኩል ነው።»

ቀበሮዋ ጥርሷ ታየ። በግራ ዘለለች፤ ገስግስ በደረቱ መለሳት። ከፊት ዘለለች፤ አሁንም መለሳት። በሦስተኛው ዓይኗን ወደ ቀኝ ጎኑ ጣለች፤ እግሩ ወደጎደለበት። «እዚህ ጋ ብገፋው ይወድቃል» አለች በልቧ። ተወርውራ ገፋችው።

እውነትም ወደቀ። ግን የወደቀው እሷ ላይ ነበር። አገጩን ሰበሰበ፣ ትከሻውን አስቀደመ፣ ባለ በሌለ ክብደቱ ላይዋ ላይ አረፈባት።

«ወደቅህ እኮ!» ብላ ጮኸች ከሥሩ ሆና።

«መውደቅማ ሠልጥኜበታለሁ» አላት።

አውራ ዶሮው ከአጥሩ ላይ ወጥቶ አገር ይያዝልኝ አለ። አያ ደሴ ዱላቸውን፣ እቴ ትጓደድ ድንጋያቸውን ይዘው ሲሮጡ መጡ።

«ማረኝ፣ ወንድም ዓለም!» አለች ቀበሮዋ። «እኔ እኮ ሁልጊዜ ደግ ነው የመከርሁህ።»

«ደግ ነበር» አለ ገስግስ። «ያስተኛኝም እሱ ነው።»

ተገላብጦ ተነሣ፤ ለቀቃት። ሮጠች። የጭራዋን ፀጉር ግማሹን ከእሾሁ ላይ ትታ ከማዶው ኮረብታ ወዲያ ጠፋች። በዚያ አገር ተመልሳ አልታየችም።

ቁርጥማቱ ግን እንደ ቀበሮዋ ሮጦ አልሄደም። ብርድ ሲመጣ ይመጣል፤ ገስግስም ይተኛለታል። ሙቀት ሲመጣ ፈቀቅ ይላል፤ ገስግስም ይነሣል። እንዲህ ሆነው አራት ክረምት አብረው ኖሩ።

በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ አያ ጫኔ መጡ። ራሳቸውን እያከኩ ከደጃፉ ቆሙ።

«ደሴ፣ ያን ጊዜ ያልሁትን እርሳልኝ። የእኔዋ ውሻ ወገቧ ተያዘ፤ ከተነሣች ሳምንቷ ነው። ሰው ሁሉ ገላግላት ይለኛል። እኔ ግን አልቻልሁም።»

አያ ደሴ ለመመለስ አፋቸውን ሲከፍቱ ገስግስ ከሰሌኑ ላይ ተነሣ። የኋላ እግሩን ወደ መሃል ሰበሰበ፤ ሰውነቱን አራገፈ።

«ቤትዎ ስንት እርምጃ ነው?» አላቸው አያ ጫኔን።

«ኧረ ሩቅ ነው፤ አራት መቶ ሳይሆን አይቀርም።»

«እንግዲያው ሦስት ቦታ እናርፋለን» አለ ገስግስ።

ሦስቱም ወጡ። እቴ ትጓደድ የኑግ ዘይቱን በጠርሙስ፣ መቀነታቸውን በትከሻቸው አድርገው ተከተሏቸው። በመንገድ ላይ ገስግስ ሲያርፍ ሁሉም ያርፋሉ፤ ሲነሣም ሁሉም ይነሣሉ። አያ ጫኔ ቤት የደረሱት ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። ውሻይቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ገስግስ ከአጠገቧ ሄዶ ቁጭ አለ።

«የት ላይ ነው የሚያምሽ?» አላት። «ንገሪኝ፤ እኔ አልቸኩልም።»

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ የቀረውን እነሱ ያውቁታል። የሰማ ላልሰማ ያውርስ፤ ያወረሰም አይክሰር።

የሄደውን ሲቆጥሩ ይተኙበታል፤ በቀረው ሲቆሙ ይሄዱበታል።